ዝም ያለችውን ልጄን ለሰማችልኝ ሲስተር

ይድረስ በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ለምታገለግሉ ነርሶች ሁሉ፣ ይልቁንም ያን ሌሊት ተረኛ ለነበርሽው ሲስተር።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ5 ዓመት ልጄን ሆዷን ያመማት ጊዜ ሕመሙ መጀመሪያ እንብርቷ አካባቢ ስለነበር ምች መስሎኝ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። በማግስቱ ወደ ቀኝ ጎኗ ወረደ፣ አስመለሳት፣ ትኩሳቷም ጨመረ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልን ሆስፒታል ስንደርስ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፤ በዚያው ምሽት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጄን አትርፈውልኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ልጄ ከሰመመን ስትነቃ ጥቂት አለቀሰችና ጸጥ አለች። ጉልበቷን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔም "ጎበዝ ልጄ፣ ጎበዝ አያለቅስም" እያልኩ ግንባሯን እስማለሁ። ሕመሙ የተዋት መስሎኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሲስተር፣ አንቺ ግን አልጋው አጠገብ ተንበርክከሽ ፊቷን፣ እግሯን፣ አተነፋፈሷን ቆይተሽ አየሽ። "እንቅልፍ አይደለም፤ እንዳያማት ፈርታ ነው የማትንቀሳቀሰው" አልሽኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥተሽ በእስክሪብቶ ስድስት ፊቶች ሳልሽላት፤ የመጀመሪያው የሚስቅ፣ የመጨረሻው እንባው የሚወርድ። "አሁን አንቺን የሚመስለው የቱ ነው?" ስትያት ጣቷን አምስተኛው ላይ አደረገች። ከ10 ስምንት ማለት ነው አልሽኝ። ለምን እንዳልነገረችን ስትጠይቂያት "መርፌ እንዳትወጉኝ" አለች። ይህ ቃሏ እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል። ለካ ሕመሟን ውጣ የተኛችው መርፌውን ፈርታ፣ እኔም ጎበዝ አያለቅስም ስላልኳት ነው!

መድኃኒቱ የሚገባው እጇ ላይ ባለው ቱቦ እንደሆነ፣ አዲስ መርፌ እንደሌለ ለእሷው ነገርሻት። ለእኔም ወደ ጎን ወስደሽኝ፣ "እህቴ፣ አታልቅሺ አትበያት፤ ሲያማት ትንገረን" አልሽኝ። አልተቆጣሽኝም። ሞርፊን የሚለውን የብርቱ ማስታገሻ ስም ስሰማ ግን ደነገጥኩ፤ ሱስ ቢሆንባትስ ብዬ። አንቺም በኪሎዋ ተለክቶ ለአጭር ጊዜ፣ ለቀዶ ሕክምና ሕመም ሲሰጥ ለሱስ እንደማያሰጋ፣ የሚያስፈልገው ትንፋሿንና እንቅልፏን መከታተል እንደሆነ አስረዳሽኝ። ደግሞም ተከታተልሽ። ሰዓትሽን ይዘሽ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ስትቆጥሪ አይቼሻለሁ። ቆይተሽ ወረቀቱን ስታሳዪያት ሁለተኛውን ፊት ነካች። ያን ጊዜ ነው እኔም ቁጭ ያልኩት።

ፓራሲታሞሉን ደግሞ እስክታለቅስ ጠብቀሽ አልሰጠሻትም። ክብደቷ 18 ኪሎ ነበር፤ ለኪሎ 15 ሚሊ ግራም አስልተሽ በየ6 ሰዓቱ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንኳ ሳታዛንፊ። ሕመም አንዴ ከበረታ ለመመለስ እንደሚያስቸግር የነገርሽኝ ገብቶኛል። ቤት ከገባንም በኋላ ባዘዛችሁልን መጠን በስልኬ ደወል ሞልቼ ሰጥቻታለሁ።

ጠዋት ሳል ሲመጣባት ሆዷን ይዛ ስትጨነቅ ጋቢዬን አጣጥፈሽ ሆዷ ላይ አስደገፍሻት፤ "ይህን እቀፊና ሳይ" አልሻት። የጓንት ጣት ነፍተሽ ፊኛ ሠራሽላት፤ እሷ ለጨዋታ ስትነፋው ለካ በረጅሙ እየተነፈሰች ነው፣ ለሳንባዋ። ቁስሏ ሲታጠብም መድኃኒቱን ቀድመሽ ሰጥተሽ፣ እስኪሠራ ጠብቀሽ ነበር የጀመርሽው። እኔ ደግሞ "ተረት ተረት" ብዬ ስጀምርላት እሷ "የላም በረት" እያለች ስትመልስልኝ ፋሻው ተቀየረ።

ያን ሁሉ ያደረግሽው ክፍሉ በሕፃናት ተሞልቶ፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው እየተቀሰቀሰ ነው። እጅሽ አንዴ እንኳ አልተቻኮለም። ማለዳ የተረከቡሽ ነርሶችም ፊቶቹ ያሉበትን ወረቀት ከመዝገቧ ጋር ተቀባብለው በየተራው ጠየቋት፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጥሚትና ሾርባ በፔርሙስ ይዛችሁ ከኮዬ ፈጬ ድረስ የተመላለሳችሁ የብሎካችን ጎረቤቶችም ብድራችሁን ያድርሰኝ።

ሲስተር፣ በወጣንበት ቀን ተረኛ አልነበርሽም። ልጄ በራሷ እግር በሩ ድረስ ሄዳ አንቺን ስትፈልግ ቆየች፤ ሳንሰናበትሽ ወጣን። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። ወረቀቱን ከመዝገቧ ላይ አስፈቅደን ወስደነዋል፤ ጥግ ላይ አንቺን ስለሳለች። ለቀጠሮ ስንመጣ ይዛልሽ ትመጣለች።

የልጅቷ እናት፣ ከኮዬ ፈጬ