ቅድመ አያቶችሽን ለየብቻ ፈልጊያቸው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘር ሐረጋችንን ኢንተርኔት ላይ መመዝገብ መጀመርሽን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። «የቅድመ አያቴን የቤተሰብ ስም ላክልኝ፣ ቅጹ አላሳልፍ አለኝ» ላልሽው ግን በስልክ የሚያልቅ መልስ የለኝም።

እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም። የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። ስለዚህ ባልና ሚስትን በአንድ ስም ብትፈልጊ አታገኚያቸውም። ለየብቻ ፈልገሽ፣ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኘውን ወረቀት ማግኘት አለብሽ። ለአንቺ ቅድመ አያቶች፣ ማለትም ለእኔ አያቶች፣ ያ ወረቀት የሰማንያ ውላቸው ነው። ጎጃም ያለችው ትልቋ አክስቴ ከዳዊቱ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኑራዋለች። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ።

ዓመተ ምሕረቱ ያለበትን ጥግ ብል በልቶታል። የቀረው «ግንቦት፣ ዘመነ ሉቃስ» የሚለው ብቻ ነው። እሱም ቀላል አይደለም። ወንጌላውያኑ በየ4 ዓመቱ ስለሚዞሩ፣ ሉቃስ የሚውለው በ1927፣ በ1931፣ በ1935 ወይም በ1939 ነው። ዳዊቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ማለትም የአክስቴ ክርስትና ተጽፏል፤ ጥር 21 ቀን 1937። ስለዚህ 1939 ቀረ። አሁን የንብረቱን ዝርዝር እዪው። ወንድ አያቴ ይዘው የመጡት «አንድ ጥማድ በሬ፣ ከጠላት የተማረከ አንድ በቅሎ» ነው ይላል። ጣሊያን የገባው በ1928 ነውና 1927ም ቀረ። መሐላው «ንጉሥ ይሙት» የሚል ነው፤ በ1931 አገሩ በጠላት እጅ ሳለ ዳኛ ፊት እንዲህ ተብሎ አይማልም። እንግዲህ ግንቦት 1935 ተጋቡ ማለት ነው።

ልደትም ከዚያው ይገኛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ነው። ከጥር 21 ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ አክስቴ የተወለደችው ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ተጠንቀቂ። ለኅዳር 7 ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ለጥር 8። ልደቷ 1944፣ ክርስትናዋ 1945 ይሆናል።

ከሁሉ በላይ እንድታዪልኝ የምፈልገው ግን የመሬቱን ነገር ነው። የግብር ደረሰኞቹ ሁሉ በወንድ አያቴ ስም ናቸው፤ መንደሩም የእሳቸው መሬት ነው የሚለው። ውሉ ላይ ግን ሴት አያቴ ያመጡት ተዘርዝሯል፤ ሁለት ላም፣ አንድ ጊደር፣ «በእናቷ በኩል የደረሳት ርስት»። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ስለዚህ ሰው የእናቱንም ወገን ትውልድ ይቆጥር ነበር፤ ካልቆጠረ መሬት አያገኝም። በ1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ ቆጠራ ጥቅሙ ቀረ፤ መጀመሪያ የተረሳውም የሴቶቹ ወገን ይመስለኛል። ደረሰኙን ብቻ ያየ ሰው ሴት አያቴን ጭራሽ አያገኛቸውም። ያ ሁሉ ልጅ ያደገው በእሳቸው እናት ርስት ላይ ነው፣ ልጄ።

ዋሶቹንም አትለፊያቸው። በሴት አያቴ በኩል የቆመው ዋስ «የእናቷ ወንድም» ተብሎ ከነአባቱ ስም ሰፍሯል። በዚያ አንድ መስመር ወደ እናታቸው አባት ወጣሽ ማለት ነው።

በ1960 ሁለቱም ቆርበዋል። እሱ የተጻፈው በክርስትና ስማቸው ስለሆነ ሌላ ሰዎች እንዳይመስሉሽ።

የልደት ምስክር ወረቀት አትጠብቂ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው። ይልቅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአክስቴ ደውዪላት። የእናቷን ወገን እስከ ሰባት ቤት በቃሏ ትቆጥራለች። ድምጿን ቅጂው፣ አታቋርጫት፤ ከተቋረጠች ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው።

ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ለሚለው የሴት አያቴን አባት ስም አስገቢ። የባላቸውን ስም እንዳታስገቢ፣ አደራ።

አባትሽ