የታመመች ድመት ውሳኔ አይደር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ከብት፣ ስለ ዶሮና ስለ ንብ ጤና በየጊዜው ያስነብባል። ድመት ግን አትታለብም፣ ለገበያም አትቀርብምና የሚጽፍላት የለም። እዚህ ሀዋሳ አይጥ ትይዛለች ተብላ ትገባና ዓመት ሳይሞላ የቤቱ ልጅ ትሆናለች። ስትታመም ግን አብዛኛው ቤተሰብ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ከሰው መድኃኒት ቆርሶ ይሰጣታል፣ ወይም «እስቲ እስከ ነገ እንያት» ይላል። በእነዚህ ሁለት ልማዶች የተነሳ መዳን የሚችሉ ድመቶች ይሞታሉ፤ የማይድኑት ደግሞ ሳምንት ሙሉ ይሰቃያሉ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለድመት የተተረተ ይመስላል። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፤ ድመት ግን አልጋ ሥር ገብታ ዝም ትላለች። ባለቤቷ «ከትናንት ጀምሮ አመማት» ሲል በሽታው ብዙ ጊዜ ቀናት አስቆጥሯል። ስለዚህ ገና ስትደበር አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት። ጥግ ላይ ደረቅ አሸዋ የተሞላ ሰፊ ሳፋ፣ ራቅ አድርጋችሁ ውሃና ምግብ አስቀምጡ። ውጭ የምትውል ድመት መሽናት አለመሽናቷን ማንም አያይም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው።

በዚያው ሰዓት ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛው ክብደቷ ነው፤ ድመቷን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ በግምት የተባለ «4 ኪሎ» ያሳስታል። ሁለተኛው ትንፋሿ ነው፤ ተኝታ ሳለች የደረቷን መነሳት ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። በደቂቃ ከ30 በላይ እየደጋገመ ከመጣ ሳንባዋ ወይም ልቧ መመርመር አለበት። ሦስተኛው የድዷ ቀለም ነው። ጤነኛው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሰዓት አትቁጠሩ። የሰውነቷ ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ሲሆን ጤነኛ ነው። ከ37 በታች የወረደች ድመት ትኩሳት ካላት ይልቅ ያስፈራል፤ ሰው ግን ስትቀዘቅዝ «በረደላት» ይላል።

አንድ ሰዓት እንኳ የማይሰጥ በሽታ አለ፤ የወንድ ድመት ሽንት መዘጋት። የወንዱ የሽንት ቦይ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ስለሆነ ደቃቅ አሸዋና ንፍጥ ይደፍነዋል። ድመቱ ደጋግሞ ያምጣል፣ ብልቱን ይልሳል፣ ይጮኻል፤ የሚወጣው ጠብታ ነው፣ ወይም ምንም የለም። ቤተሰቡ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣዋል። ዘይቱ ሽንቱን አይከፍትም፤ ተሳስቶ ወደ ሳንባው ከገባ ግን ሌላ በሽታ ይጨምራል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያቆመዋል። ሆዱን ስትዳስሱ ፊኛው እንደ ሎሚ ደርቆ ይገኛል፤ እንዳትጫኑት፣ ይፈነዳል። ሕክምናው በማደንዘዣ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ማስገባት፣ ፊኛውን ማጠብና በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው። ወደ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ወደ አዲስ አበባ ልውሰደው የሚል ካለ፣ ከሀዋሳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና አስቀድሞ እዚሁ ፊኛው በመርፌ ይቀዳለት። ለውሳኔ የሚረዳውን እውነት ልንገራችሁ፤ ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት ድመቱ ወደ ሙሉ ጤናው ይመለሳል፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። ገንዘባችሁን ስታስቡ ለአንድ ጊዜ ብቻ አታስቡ።

ሁለተኛው የእኛ ከተማ በሽታ ነው። በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ዓሣ ሲበለት የሚጣለው የሆድ ዕቃ ውስጥ የመረብ ናይለንና መንጠቆ ይኖራል፤ ድመት ሽታውን ተከትላ ትውጠዋለች። ክሩ አንድ ጫፉ ምላስ ሥር ወይም ጨጓራ ላይ ይያዝና አንጀቷ በላዩ ላይ ይሸበሸባል፤ የከረጢት አፍ ማሰሪያ ሲሳብ ጨርቁ እንደሚሰበሰበው ማለት ነው። ታስመልሳለች፣ አትበላም፣ ትቆዝማለች። አፏን ከፍታችሁ ከምላሷ ሥር እዩ። ክር ካያችሁ፣ ወይም በኋላዋ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁ፣ በፍጹም አትሳቡት፤ የተወጠረ ናይለን አንጀትን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ራጅ መንጠቆውን ያሳያል፤ ናይለኑን ግን አያሳይም፣ ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉ ብቻውን አያሳርፍም። እዚህ ላይ ያለው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ወይም ማሳረፍ፣ ማለትም ያለ ሥቃይ በመርፌ እንድትሞት ማድረግ ነው። «ትንሽ ቀን እንያት» የሚባለው፣ አንጀቱ ተበስቶ ሆዷ እስኪመግል መጠበቅ ነው።

አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመትም እንደዚሁ ናት። ውሻ ሲሞቀው ያለከልካል፤ ድመት እንዲህ ስትሆን ትንፋሽ አጥሯታል። አፏን አትክፈቱ፣ ምንም አታጠጧት፣ ቀዳዳ በበዛበት ካርቶን አድርጋችሁ በባጃጅ በቀጥታ ውሰዷት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የሰው ጉበት መድኃኒቱን አጣርቶ የሚያስወግድበት ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል አንድ ድመት ይገድላል፤ ግማሹም ሊገድል ይችላል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ነው፤ በኪሎ 140 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ6 ሰዓቱ 70 ሚሊግራም ይቀጥላል፣ የሚሠራውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተደረሰ ነው። የሰጣችሁ ሰዎች እባካችሁ ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። ለውሻ ቁንጫ ወይም ለከብት መዥገር የተሠራ መድኃኒትም ድመት ላይ አይደረግ፤ ፐርሜትሪን ያለበት ያንቀጠቅጣትና ይገድላታል።

አለመብላቷም ራሱን የቻለ በሽታ ይሆናል። በተለይ ወፍራም ድመት ከ2 እስከ 3 ቀን ምንም ካልበላች ገላዋ ላይ ያለው ስብ ወደ ጉበቷ ይፈስና ጉበቷን ይዘጋዋል፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናሉ። መጀመሪያ ያሳመማት ነገር ቀላል ቢሆን እንኳ በዚህ ትሞታለች። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ትፈልጋለች፤ ይህም 120 ግራም ያህል የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ነው። አጥንቱ ተለቅሞ የተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣም ይሆናል። ለብ አድርጋችሁ ስጡ፣ ሽታው ይጠራታል። የወጥ ትርፍራፊ ግን አይሁን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳሉ። በሲሪንጅ መመገብ ካስፈለገ በጉንጯ በኩል አንድ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ፣ እየዋጠች መሆኗን እያያችሁ። ለምታስመልስ ወይም ለደነዘዘች ድመት በሲሪንጅ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ምርመራን በተመለከተ፣ ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁት፤ «ይህ ምርመራ ውጤቱ ምንም ቢሆን የምናደርገውን ይቀይረዋል?» መልሱ አይቀይረውም ከሆነ ገንዘቡን ለሕክምናው አውሉት። የመጀመሪያው ቀን ስንት እንደሚፈጅ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ስንት እንደሚፈጅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ምን ለውጥ እንደሚጠበቅም ለየብቻ አስነግሩ። የ48 ሰዓት ቀጠሮ ይዞ መጀመር፣ መጨረሻው የማይታወቅ ሕክምና ውስጥ ከመግባት በእጅጉ ይሻላል።

የድመት ደም በሰው ላቦራቶሪ ሲታይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ወረቀቱ ላይ የታተመው «ጤነኛ መጠን» የሰው ነው። ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው፤ ክሬቲኒኗ እስከ 1.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ለድመት ደንበኛ ነው፤ በሰው መለኪያ ግን «ከፍተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ስኳሯ ደግሞ በፍርሃት ብቻ ከ200 ሊያልፍ ይችላል፤ በአንድ ምርመራ «ስኳር አለባት» ብሎ ኢንሱሊን መጀመር አደገኛ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በአንድ የክሬቲኒን ቁጥር ድመት እንድትሞት አትወስኑ። ውሃ ያነሳት ወይም ሽንቱ የተዘጋበት ድመት 10 አሳይቶ በቀናት ሕክምና ወደ ደንበኛው ሊመለስ ይችላል። ለ48 ሰዓት ፈሳሽ ተሰጥቶ እንደገና ይለካ። ያኔም ከ5 በላይ ሆኖ ከቀረ፣ ምግብም እምቢ ካለች፣ ኩላሊቷ ያለቀ መሆኑን መቀበል ይገባል።

የኩላሊት በሽታዋ በመካከለኛው ደረጃ ላይ ያለ ያረጀች ድመት ግን በቤት ውስጥ እንክብካቤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ትኖራለች። ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ነው፤ ሐኪሙ ልኩን ይወስናል፣ ለ4 ኪሎ ድመት በአመዛኙ 100 ሚሊ ሊትር በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ነው። ሰው ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ እውነተኛው 5 በመቶ ግሉኮስ ግን ከቆዳ ሥር አይሰጥም፣ የሰውነት ጨው ይስባል፣ ቦታውም ሊመግል ይችላል። ግማሽ ሊትሩን ግዙ፤ ለ5 ጊዜ ይበቃል፣ ተከፍቶም ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይ። ከደፈረሰ ጣሉት። ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሙቁ፤ በትከሻዎቿ መካከል ቆዳዋን አንስታችሁ በተፈጠረው ድንኳን ሥር ቁጥር 20 መርፌ አስገቡ፤ በየጊዜው አዲስ መርፌ። የሚያብጠው ነገር ወደ እግሯ ቢወርድ አትደንግጡ፣ በሰዓታት ውስጥ ይመጠጣል። በማግሥቱም ካልተመጠጠ፣ ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ፣ አትጨምሩ፤ ልቧ አልቻለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ በቀን መቁጠሪያው ላይ በየማታው አራት ነገር ምልክት አድርጉ፤ በልታለች ወይ፣ ሸንታለች ወይ፣ ገላዋን ልሳለች ወይ፣ ስትጠሯት መጥታለች ወይ። ከአራቱ ሦስቱ ለተከታታይ ሦስት ቀን «የለም» ከሆኑ፣ ሕክምናው ለእሷ መሆኑ ቀርቶ ለእኛ መጽናኛ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ማሳረፍን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም፤ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ከሰፈር ርቆ መጣል ነው ጭካኔው። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ይሰጣታል፣ ጭልጥ ብላ ከተኛች በኋላ ከልክ ያለፈ ማደንዘዣ በደም ሥሯ ይገባል። ዓይኗ ተገልጦ ሊቀር፣ ሽንት ሊፈሳት፣ ልቧ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለቴ ልትተነፍስ ትችላለች፤ ይህ የሥቃይ ምልክት አይደለም፣ ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ማስተኛ ሳይሰጥ የሚገድል መርፌ ለመውጋት የሚያስብ ባለሙያ ካለ እምቢ በሉት።

ከማሳረፉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ የግድ ነው፤ ድመቷ በ10 ቀን ውስጥ ሰው ነክሳለች ወይም ቧጭራለች? ከሆነ ተገድላ እንዳትቀበር። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ተዘግታ 10 ቀን መታየት አለባት፤ ከሞተችም ጭንቅላቷ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይፈለጋል። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ድመቷ እስክትሞት አይጠብቅ።

በማደንዘዣ ያረፈች ድመት ሥጋዋ ውስጥ መድኃኒቱ ሳይጠፋ ይቆያል። ቆሻሻ ላይ ብትጣል የበላት ውሻ፣ አሞራ ወይም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አብሮ ይሞታል። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ይሁን፣ ከውሃ ጉድጓድና ከሐይቁ ዳር ይራቅ፣ አፈሩ ላይም ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ይጫንበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከሀዋሳ