በገና ዋዜማ ሱቅ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ገና ሲደርስ ሁሉም የዶሮና የበግ ዋጋ ያወራል፣ እናንተም ታወጣላችሁ። ደግ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከባንኮኒው ወዲህ ስለቆምነው ነው።

አምና ዋዜማውን፣ ታኅሣሥ 28 ማለት ነው፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ከፍቼ የዘጋሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ቁጠሩት፣ 14 ሰዓት ተኩል። የታኅሣሥን የኛን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጧት ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ያድራል፣ የሱቁ ሲሚንቶ ደግሞ ጫማ አልፎ ይገባል። ሁለት ካልሲ አድርጌ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምሸጠው። የብርድ ልብስ ፋብሪካውን እዚህ ከተማ ያቋቋሙት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ሰዉ 43 ቀን ጾሞ ከርሞ ሁሉንም በአንድ ምሽት ካልገዛሁ ይላል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ኮረሪማ፣ ሻማ። አንዱ «ትናንት በዚህ ዋጋ አልነበረም» ይለኛል፣ አንዷ «ለበዓል ብላችሁ ነው የጨመራችሁት፣ ፈጣሪ ይይላችሁ» ትላለች። እውነቷን ይሆናል። ግን ዋጋውን ጧት በወረቀት ጽፎ የሚሰጠኝ ባለሱቁ ነው፤ አስር ብር ብቀንስ ከኔው ኪስ ነው። እርግማኑ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የኔ። በዚያ ግርግር መሀል አንድ ሰው በስልክ መክፈሉን አሳይቶኝ ዕቃውን አንጠልጥሎ ሄደ፣ ማታ ሂሳብ ሲሠራ ለካ ያሳየኝ የቆየ መልእክት ኖሯል። 1,400 ብር ከደሞዜ ተቆረጠ። ለበዓል የተሰጠኝ አንድ ሊትር ዘይትና አስር እንቁላል ነው።

ሕጉን ዘንድሮ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ደንበኛዬ ስልኩ ላይ አሳየኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8 ሰዓት ያደርገዋል፣ ትርፍ ሰዓቱ ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፣ የበዓል ቀን በሁለት ተኩል። የገናን ዕለት እኮ እስከ 6 ሰዓት ከፍቼ ነበር! ሽንኩርት ያለቀበት አይጠፋማ።

ቢሆንም ገዢውን ብቻ ብወቅስ ግፍ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ በዋዜማው ማታ እየላከችኝ ባለሱቅ አስቸግሬያለሁ። ነገሩ የደሞዝ ነው። ደሞዝ የሚወጣው ወር ሲያልቅ ነው፣ ገናም የሚውለው ወር ሲያልቅ። ብሩ እጁ ላይ ሳይገባ ታኅሣሥ 20 ላይ ምን ይግዛ? ወጪው ተጨናንቆ ሁለት ቀን ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ጥምቀት ሲመጣ ኪሱ ባዶ ነው፣ እኛም ቁጭ ብለን ዝንብ እናባርራለን። ስለዚህ አሠሪዎች የታኅሣሥን ደሞዝ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቢያስቀድሙልን፣ ለገዢም ለሻጭም እፎይታ ነው።

ሌላው ጥያቄዬ የመዝጊያ ሰዓት ነው። በዋዜማው ሁሉም ሱቅ 12 ሰዓት ላይ ቢዘጋ ማንም አይጎዳም። አንዱ ብቻ ሲዘጋ ነው ገበያው ወደ ጎረቤቱ የሚሄድበት፣ ባለሱቆቹ የሚፈሩትም ይህንኑ ነው፤ ተነጋግረው አብረው ቢዘጉ ግን ያው ሰው ያንኑ ሽንኩርት ቀደም ብሎ ይገዛል። አምና 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩን እየሳብኩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ኮረሪማ ብቻ!» እያሉ ሮጠው መጡ። ወጡን ከሰዓት ጀምሮ ሲሠሩ ነው የዋሉት። ሳቄ መጣ፣ ሰጠኋቸው። ቤት ገብቼ ለሌሊቱ ቅዳሴ እነሣለሁ እንዳልኩ ከነጫማዬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እናትና አባቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ናቸው። ሱቅ ከገባሁ ወዲህ ገናን አብሬያቸው ውዬ አላውቅም፤ በ4 ሰዓት ሌሊት በጣርማበር አድርጎ መንዝ የሚያስገባኝ መኪና ከየት ይመጣል?

ስሜን እንዳታወጡት አደራ። አሠሪዬ ጋዜጣችሁን ያነባል፣ አንብቦ ሲጨርስም እንቁላል እንድጠቀልልበት ለኔ ነው የሚሰጠኝ።

የሱቅ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን