ቀይ የደም ሴሎችን ወደ መሐል የሚገፋቸው ፍጥነት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ደም ዝውውር የወጣው ጽሑፍ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም ቀይ የደም ሴሎች በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ መሐል ለመሐል የሚጓዙት ፈሳሹ እዚያ ስለሚፈጥን ነው መባሉ መታረም ያለበት ይመስለኛል። ፈሳሹ መሐል ላይ መፍጠኑ እውነት ነው፤ ፍጥነት ብቻውን ግን ቅንጣትን ወደ ጎን አይስብም።

በእንዲህ ያለ ጠባብ መንገድ የፈሳሹ ዝልግልግነት ከኢነርሺያ (አንድ ነገር እንቅስቃሴውን እንዳለ ለማስቀጠል ካለው ዝንባሌ) እጅግ ስለሚያይል፣ ፍሰቱ ቢገለበጥ ጠጣር ቅንጣት በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ ድቡልቡልና ጠጣር የሆነ ቅንጣት ወደ ፊት ሲፈስ ከግድግዳው የሚርቅ ቢሆን፣ ሲመለስ ወደ ግድግዳው መቅረብ ይኖርበታል፤ የተገለበጠው ፍሰት ግን ከመጀመሪያው የሚለየው በአቅጣጫ ብቻ በመሆኑ፣ ለቅንጣቱ የሚቀረው ባለበት ርቀት መጓዝ ነው። ለስላሳ ቅንጣት ከዚህ እስር ነጻ ነው። ፍሰቱ ይለጥጠዋል፣ ያጋድለዋል፤ አቅጣጫው ሲለወጥ ቅርጹም አብሮ ስለሚለወጥ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢፈስ ከግድግዳው ይገፋል።

ኢነርሺያ ሲጨመርስ? ተመራማሪዎቹ ሴግሬ እና ሲልበርበርግ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ በቱቦ ውስጥ የሚፈሱ ጠጣር ሉሎች የሚሰበሰቡት ከመሐሉ የሬዲየሱን 0.6 ያህል ርቀው ነው። ፍጥነት የሚስብ ቢሆን ኖሮ መሐል ላይ በተገኙ ነበር።

ቀይ የደም ሴል ስፋቱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ሆኖ ከዚያ በሚጠብ ሥር ተጣጥፎ ማለፍ የሚችል ነው። ሴሎቹ ከግድግዳው ሲርቁ በዳር የሚቀረው የፕላዝማ (ሴል አልባው የደም ፈሳሽ) ሽፋን ፍሰቱን ያቀልላል፤ ስዊድናውያኑ ፎሬዉስ እና ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1931 ከ0.3 ሚሊሜትር በሚያንሱ ቱቦዎች ቱቦው እየጠበበ ሲሄድ ደም የቀጠነ ያህል እንደሚፈስ ያስተዋሉትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እጅግ ጠባብ በሆኑት ሥሮች ዝንባሌው ይገለበጣል፣ ይህ ግን ሌላ ርዕስ ነው። ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ደግሞ እምብዛም ቅርጻቸውን ስለማይለውጡ፣ ከቀይ ሴሎቹ ጋር እየተጋጩ ወደ ዳር ይገፋሉ፤ ሥር ሲቆረጥ የሚፈለጉትም እዚያው ግድግዳው ዘንድ ነው። በወባ ተውሳክ የተያዘ ቀይ ሴል ደግሞ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርጹን እየለወጠ ከግድግዳው የመራቅ ቅልጥፍናው ይቀንሳል።

ጽሑፉ በመጨረሻ ስለ መድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣቶች ሲያወሳ መጠናቸውን ብቻ መጥቀሱም ከዚሁ ስሕተት የመነጨ ነው። ቅንጣቱ ግድግዳው ዘንድ እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ከመጠኑ ሌላ ምን ያህል ጠጣር እንደሆነም መታየት አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ አንባቢ