«ይለመዳል» መልስ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ እርግዝና መከላከያ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ለዓመታት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ጽሑፉ ስለ ደም መርጋትና ስለ ካንሰር በስፋት ማተቱን ባደንቅም፣ የወር አበባ መዛባትን፣ ራስ ምታትንና የስሜት መለዋወጥን «ቀላልና በጊዜ ሂደት የሚለመዱ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ ግን ከልብ አሳስቦኛል። ሴቶች የሚነግሩን ቅሬታ ራሱ የምርምር መረጃ ነው፤ የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

ኢኖቪድ የተባለው የመጀመሪያው እንክብል እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በፖርቶ ሪኮ ሲሞከር፣ ሙከራውን በቦታው የመሩት ሐኪም ኤድሪስ ራይስ-ሬይ እንክብሉ እርግዝናን በሚገባ እንደሚከላከል ካረጋገጡ በኋላ፣ ከተጠቃሚዎቹ 17 በመቶ የሚሆኑት ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ስለገጠማቸው መድኃኒቱ በጠቅላላው ተቀባይነት እንደማይኖረው በሪፖርታቸው ጽፈው ነበር። የምርምሩ መሪ ግሪጎሪ ፒንከስ ግን የቅሬታው አብዛኛው ክፍል ከሥነ ልቦና የመነጨ አድርገው ተመለከቱት። አንዱ እንክብል በዚያን ጊዜ ሁለት ሆርሞኖችን፣ ማለትም 10 ሚሊግራም ፕሮጄስቲንና 150 ማይክሮግራም ሜስትራኖል የተባለ ኤስትሮጅን ይዞ ነበር። መድኃኒቱ በ1960 በአሜሪካ ለእርግዝና መከላከያነት ተፈቀደ፤ በ1961 ደግሞ ይህንኑ መድኃኒት ትወስድ በነበረች አንዲት ነርስ ሳንባ ላይ የደም መርጋት መከሰቱ በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ሐኪሞች ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል እንዳያዙ የመከረው በ1969 ነው። የኤስትሮጅኑ ዓይነት ስለተለየ ቁጥሮቹ በቀጥታ ባይነጻጸሩም፣ ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት እንክብሎች ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ብቻ ይዘው እርግዝናን በሚገባ ይከላከላሉ። ያ ሁሉ መጠን አላስፈላጊ ነበር ማለት ነው፤ እነዚያ ሴቶችም እውነታቸውን ነበር።

ይህን ስል ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ኤስትሮጅን ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት እንዲያመርት ስለሚያደርግ የመርጋት አደጋ መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንክብል ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት፣ ከሚወስዱት ደግሞ ከ3 እስከ 9 የሚሆኑት ናቸው የደም መርጋት የሚገጥማቸው። በወለዱ ሰሞን ባሉት ሳምንታት ያለው አደጋ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጽሑፋችሁ «አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል» ሲል ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ቢገልጽ ኖሮ አንባቢዎቻችሁ ባልተሸበሩ ነበር።

በየቀኑ ወደ ክፍላችን የሚመጣው ጥያቄ ግን በአብዛኛው ስለ ደም መርጋት ሳይሆን ስለ ወር አበባ ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሲቀር፣ ደሙ በሆዷ ውስጥ እየተጠራቀመ እንዳይሆን ትሰጋለች። የሚጠራቀም ደም የለም፤ መድኃኒቱ እንቁላል እንዳይወጣ ከማድረጉም በላይ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሳስቶ እንዲቆይ ስለሚያደርግ የሚፈስ ነገር አይኖርም፤ መርፌውን ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ይህ ይገጥማቸዋል። መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና ብዙ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የአጥንትን ጥንካሬ እንደሚቀንስና ይህም ሲቆም በአብዛኛው እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገራት ይገባል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ያን አሥር ደቂቃ ያላገኘች ሴት ግን በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሳትመጣ ትቀራለች።

አንዲት የሦስት ልጆች እናት ከክንዷ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ካስገባች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗት ሳለ፣ ነጠብጣብ ደም ያየችባቸውን ቀናት በልጇ የቀድሞ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረገች ይዛልኝ መጣች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግራ «ይለመዳል» ተብላ ተመልሳለች። ቀይ ምልክቶቹ የበዙት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመረችበት ወር ወዲህ መሆኑን ያየሁት ገጾቹን አብረን ስናገላብጥ ነው። ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ነው፤ እሱ ደግሞ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክመዋል። ደሙ ፍንጭ እየሰጠን ነበር። እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተመረመረ በኋላ፣ ሆርሞን የሌለውንና በሪፋምፒሲን የማይነካውን፣ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የመዳብ ሉፕ መረጠች፤ ሉፑ የወር አበባን ሊያበዛ እንደሚችልም አስቀድመን ነገርናት።

እንግዲህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው፣ በዚህ ጉዳይ ዳግም ስትጽፉ የትኛው መከላከያ እንደሆነና የሆርሞኑ መጠን ስንት እንደሆነ ለይታችሁ እንድታሳውቁ፣ ከተመራማሪዎቹ ቃል ጎን ለጎንም የተጠቃሚዎቹን ቃል ሳታሳጥሩ እንድታትሙ ነው። ያቺ እናት ደብተሯን እስካሁን አላቆመችም፤ ባለፈው ቀጠሮዋም ሉፑ ከገባላት ወዲህ ያሉትን ወራት ምልክት አድርጋ አምጥታልኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ ነርስ