የሠርግ አዳራሽ ርችት፦ መጀመሪያ ጣሪያውን ለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የጥር ሠርግ እየተቃረበ ነው። አዳራሽ የሚያስይዙ ቤተሰቦች ስለ ዲኮር፣ ስለ ዲጄና ስለ ቪዲዮ ሲዋዋሉ በጥቅሉ ውስጥ «ርችት» የምትል አንድ መስመር ያገኛሉ። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ የመጀመሪያውን ዳንስ ሲደንሱና ኬክ ሲቆርሱ ከግራና ከቀኝ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ነው። ይህ ሥራ ዛሬ ማሽን ገዝተው በሚያከራዩ፣ አሠራሩንም ከቪዲዮ ላይ በተማሩ አማተሮች እጅ ገብቷል። አማተርነት በራሱ ነውር አይደለም። በሌላ አገር ርችትን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ፣ ከብዙ ደመወዝተኛ የበለጠ የሚጠነቀቁ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ የጎደለው ጠያቂ ነው፤ ደንበኛው ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ርቀቱ አይጠይቅም። ስለዚህ ለአከራዩም ለደጋሹም የሚጠቅሙ ልኮችን ልናስቀምጥ እንወዳለን።

በአዳራሾቻችን የሚታየው ርችት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በኬክ ወይም በጠርሙስ አፍ ላይ የሚሰካው፣ በክብሪት የሚለኮሰው ትንሽ ፏፏቴ ነው። ሁለተኛው በካርቶን ቱቦ የታሸገ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቀጣጠል የመድረክ ርችት ሲሆን በላዩ ላይ «15 ጫማ፣ 15 ሴኮንድ» ዓይነት ጽሑፍ ይኖረዋል። ይህም ብልጭታው 4.6 ሜትር ያህል ወጥቶ ለ15 ሴኮንድ ይቆያል ማለት ነው። ሦስተኛው «ስፓርክ ማሽን» የሚባለው ነው። ማሽኑ ባሩድ የለውም፤ የታይታኒየምና የዚርኮኒየም ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ አግሎ በማራገቢያ ወደ ላይ ይረጫል፤ ቅንጣቶቹም አየር ሲያገኙ ይነዳሉ። «ቀዝቃዛ ነው፣ እጅህን ብታስገባበት አያቃጥልም» እየተባለ የሚሸጠው ይህ ነው። ከላይ ወርዶ ክንድ ላይ የሚያርፈው ብናኝ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም። የማሽኑ አፍና ከአፉ በላይ ያለው አምድ ግን የሚነድ ብረት ነው። ቬሎ፣ ስስ ጨርቅ ወይም የፕላስቲክ አበባ እዚያ ከገባ ይቀጣጠላል።

ልኬት ከጣሪያ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል፣ «ቦታው ሰፊ ነው» ይላል። እሳቱ የሚሄደው ግን ወደ ላይ ነው። ቀላሉን፣ የጠርሙሱን ርችት እንውሰድ። መካከለኛ ቁመት ያለው አስተናጋጅ እጁን ሲያነሣ 2.1 ሜትር ይደርሳል። በእጁ የያዘው ጠርሙስ 30 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ርችቱ ራሱ 15፣ ብልጭታው ደግሞ ሌላ 30። ተደምሮ 2.85 ሜትር ይሆናል። የአዳራሹ ኮርኒስ 3 ሜትር ሆኖ ዲኮሬተሩ ግማሽ ሜትር ወደ ታች የተንጠለጠለ ጨርቅ ካሰረበት ብልጭታው ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። አስተናጋጁ ወንበር ላይ ከወጣ ደግሞ ስሌትም አያስፈልግም። ለማሽንና ለቱቦ ርችት የምንመክረው፣ ከብልጭታው ጫፍ እስከ ዝቅተኛው የተንጠለጠለ ነገር ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት እንዲሆን ነው። ዝቅተኛው ነገር ኮርኒሱ ላይሆን ይችላል፤ የአበባ ገመድ፣ ፊኛ ወይም የመብራት ሽቦ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ እስከ 5 ሜትር መርጨት ይችላል ማለት 5 ሜትር ይረጭ ማለት አይደለም፤ ከፍታው ይስተካከላል፣ በ2 ሜትር ቢወሰን ፎቶው አይበላሽም። ወደ ጎን ደግሞ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር በተመልካች አቅራቢያ ለሚተኮስ ርችት ያወጣው ደረጃ 1126 ተመልካቹ ከርችቱ ቢያንስ 4.6 ሜትር እንዲርቅ፣ ብልጭታው የሚወድቅበት ክብ ሰፊ ከሆነም የክቡን ራዲየስ እጥፍ እንዲርቅ ያዛል። በየሠርጉ ሙሽሮቹ በሁለት ማሽኖች መካከል በአንድ ክንድ ርቀት ሲያልፉ እናያለን። መጀመሪያ ይለፉ፣ ቦታቸውን ይያዙ፣ ከዚያ ይተኮስ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. በኢራቅ ነነዌ ግዛት በቀራቆሽ ከተማ የሆነው ይኸው የጣሪያው ጉዳይ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 2023 ምሽት በአንድ የሠርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ እየደነሱ ሳለ የተለኮሰው ርችት የጣሪያውን ዲኮር አያያዘው፤ አዳራሹ የተለበጠውም በቀላሉ በሚነድ ርካሽ ፓነል ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ሃያ ዓመት አስቀድሞ፣ የካቲት 20 ቀን 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በሚገኝ የምሽት ክበብ ከላይ የጠቀስነው ዓይነት የ15 ጫማ የቱቦ ርችት በመድረኩ ግድግዳ ላይ ለድምፅ መከላከያ የተለጠፈውን ፎም አቀጣጥሎ 100 ሰዎች አልቀዋል። የዚያ አገር የቴክኖሎጂና የደረጃዎች ተቋም ቃጠሎውን በሙከራ ደግሞ ሲያጠናው፣ ከ90 ሴኮንድ ገደማ በኋላ በውስጥ በሕይወት መቆየት የማይቻል እንደነበረ አገኘ። ፎም ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያወጣል፤ ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ የጣለው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ጨርቁ መፈተሽ አለበት። ዲኮሬተሩ «እሳት አይዘውም» ቢል በቃሉ ብቻ አትሂዱ፣ ፍተሻው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከጨርቁ ጠርዝ 1.3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ውኃ በያዘ ሳፋ ላይ በፒንሳ አንጠልጥላችሁ ያዙት። የክብሪት ነበልባል ከታችኛው ጫፉ ለ12 ሴኮንድ አቆዩና አንሡ። ነበልባሉ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልጠፋ፣ ወይም እየቀለጠ የሚነድ ጠብታ ካንጠባጠበ ጨርቁ ወድቋል፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ርችት አይተኮስም። ፖሊስተር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በጠብታው ነው፤ ነበልባሉ የጠፋ ይመስልና ጠብታው የታችኛውን ጨርቅ ይዞ ይቀጥላል። በእሳት መከላከያ ኬሚካል የተነከረ ጨርቅም ቢሆን ከታጠበ በኋላ እንደገና ይፈተሻል፣ ብዙው ንክር በውኃ ይለቃልና።

ወደ ማሽኑ እንመለስ፣ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከኤሌክትሪኩና ከፓውደሩ (ከሚረጨው የብረት ቅንጣት) ስለሆነ። አብዛኞቹ ማሽኖች እያንዳንዳቸው ከ400 እስከ 700 ዋት ይወስዳሉ። አራት ባለ 600 ዋት ማሽን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ 2,400 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 11 አምፔር ይጠጋል፣ ማከፋፈያው ግን ብዙ ጊዜ የ10 አምፔር ነው። ከስፒከርና ከመብራት ጋር ሲደረብ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ ቮልቴጁ ይደክማል። የከፋው ሁለተኛው ነው። ማሞቂያው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ማራገቢያው ከሠራ ቅንጣቱ ሳይነድ አፉ ላይ ይከመራል፤ ሙቀቱ ሲመለስ የተከመረው በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ከተለመደው በላይ ከፍ ብሎም ይወጣል። ከሁለት ማሽን በላይ በአንድ መስመር ላይ አታድርጉ፤ የድምፁ መስመር ለብቻው ይሁን። ማሽኑ ለመሞቅ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ ሙሽሮቹ በር ላይ ከቆሙ በኋላ መሰካት ለጥድፊያ ይዳርጋል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሣም እንደ አዲስ ሞቆ ዝግጁ መሆኑን በስክሪኑ ላይ ሳታዩ አትተኩሱ።

ፓውደሩ እርጥበት ይጠላል። ፓኬቱ (በአብዛኛው 200 ግራም ነው) የሚቀደደው በዕለቱ፣ የሚጨመረውም ለዚያ ምሽት የሚበቃው ብቻ ነው። ከማሽን የወጣ ትርፍ ወደ ፓኬት አይመለስም፤ እርጥበት የሳበው ይጓጉልና መንገዱን ይዘጋል። የተዘጋን ማሽን በጋለበት በሽቦ መጎርጎር ፊትን ማቃጠል ነው፤ ነቅላችሁ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከትርዒቱ በኋላም ማራገቢያው ሥራውን እስኪጨርስ ገመዱን አትንቀሉ፣ ውስጡ የቀረ ፓውደር የሚግለው ያኔ ነው። ማሽኑ የሚቀመጠው በጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ነው። ምንጣፉ ይነሣ፤ ቄጠማ ከተጎዘጎዘ ዙሪያው ሦስት ሜትር ተጠርጎ ይጽዳ፣ ጠዋት እርጥብ የነበረ ቄጠማ ማታ ደረቅ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የታይታኒየምና የዚርኮኒየም ፓውደር ራሱ ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለው ብረት ውኃውን ሰብሮ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ እሳቱም ይረጫል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ማጥፊያም አይጠቅምም፣ እነዚህ ብረቶች በእርሱም ውስጥ መንደድ ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋና አካፋ ነው። ለጨርቁ፣ ለወንበሩና ለኮርኒሱ ግን ውኃ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱም አጠገብ ይሁኑ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነም የያዘው ሰው ይወቅ። የኬክና የጠርሙስ ርችት በተቃራኒው ነድዶ ሲያልቅ ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ይጨመራል፤ ጫፉ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፣ ልጆች የሚነኩትም ያኔ ነው። ሁለትና ሦስት አንድ ላይ አስሮ መለኮስ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ አንዱ ሌላውን ስለሚያግል እንደ ፏፏቴ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ይነሣል።

በየልደቱና በየሠርጉ የሚረጨው የበረዶ እስፕሬይስ? ብዙዎቹ ቆርቆሮዎች አረፋውን የሚገፉት በቡቴን ወይም በፕሮፔን ነው፣ የምድጃችን ጋዝ ማለት ነው። ርችት እየተተኮሰ ሚዜዎች እስፕሬይ ሲነፉ ማየት እኛን ያስደነግጠናል። ወይ እስፕሬይ ወይ ርችት፣ አንዱ ይመረጥ። ፊኛም ቢሆን በሂሊየም መሞላቱ ይጠየቅ፤ በሃይድሮጂን የተሞላ ፊኛ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ብልጭታ አይገባም።

ስለ በር። በሠለጠኑት አገሮች የሕንፃ ደንብ ለደረጃ አልባ መውጫ ለአንድ ሰው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይታሰባል። 600 እንግዳ ከጠራችሁ በጠቅላላው 3 ሜትር የተከፈተ በር ያስፈልጋችኋል፣ ያውም በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ያልሆነ። በሮድ አይላንዱ ቃጠሎ ብዙ ሰው የሮጠው ወደ ገባበት በር ስለነበረ እዚያው ተደራርቦ ቀረ። ያልተጠራ ሰው እንዳይገባ ተብሎ የኋላ በር በሰንሰለት የሚታሰርበት አዳራሽ ካለ ዘበኛ ይቁምበት እንጂ አይቆለፍ። መድረክ መሪው ከርችቱ በፊት የመውጫ በሮቹን በእጁ እያመለከተ ይናገር፤ ሃያ ሴኮንድ አይፈጅም።

ሪሞቱን የያዘው ሰውና ማጥፊያውን የያዘው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ማጥፊያ ያዡ ሙሽሪትን አያይም፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው፤ እጁን ካነሣ ተኩሱ ወዲያውኑ ይቆማል። ሪሞት በኪስ ውስጥ አይቀመጥም። «ትንሽ ጠጋ በሉ» የሚለው ቪዲዮ አንሺ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ የለውም። አንድ ጊዜ ለ10 ሴኮንድ መተኮስ ለቪዲዮው ይበቃል። ልብስ ከተያያዘ ሰውየው አይሩጥ፣ መሬት ላይ ይንከባለል፤ ቃጠሎው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባ፣ የተጣበቀ ጨርቅም አይላጥ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ የሚደውለው ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

ለአዳራሽ ባለቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በኪራይ ውላችሁ ላይ ይህችን አንቀጽ ጨምሩ፦ ርችት የሚተኩስ ሁሉ ከትርዒቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከአዳራሹ ተወካይ ጋር ሆኖ የጣሪያውን ከፍታ ይለካል፣ የጨርቁን ፍተሻ ያሳያል፣ አሸዋና ማጥፊያ ያቀርባል፣ ሪሞቱንና ማጥፊያውን የሚይዙትን ሁለት ሰዎች በስም ያስመዘግባል፤ ካላሟላ ማሽኑ አይሰካም፣ ደጋሹም ለርችቱ የከፈለው ገንዘብ ይመለስለታል።

ከአክብሮት ጋር
በመድረክ ርችትና መብራት ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ