ጋሼን ስንሸኝ

ውድ የክበባችን አባላት፣

የሁላችን ጋሼ አርፈዋል። ይህን መጻፍ በጣም ከብዶኛል።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በዚያች ቮልስ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የምትቀዘቅዘውም በአየር። የዚህች መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ቢቆምም የእሳቸው አንድ ቀን እንኳ ቆማ አታውቅም።

ቫልቭ ማስተካከል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ያስጠብቁኛል። ከዚያ የቫልቩ ክፍተት የሚለካባትን፣ ውፍረቷ 0.15 ሚሊሜትር የሆነችውን ስስ መለኪያ ያስይዙኝና፣ "ዓይንህን ጨፍን፤ ለስለስ ብላ ያዝ ስታደርግህ ይሰማህ" ይሉኛል። ግራሶ የለመደው እጃቸው ከእጄ ላይ አይነሳም ነበር። ስሳሳት ደግሞ አይቆጡም፤ "እንደገና" ብቻ።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

በሚቀጥለው ጉዟችን መኪናቸው ከፊት ትሆናለች፤ የምትነዳትም ልጃቸው ናት። እባካችሁ በሰዓቱ ድረሱ። ጋሼ ማርፈድ አይወዱም ነበር።